ተሰጥዖ ያለው ልጅ ካልተፈለገ አይገኝም፦ «ፈተናው ለሁሉም እኩል ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ልዩ ተሰጥዖ ላላቸው ተማሪዎች ስለሚዘጋጁ ፕሮግራሞች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው አየሁ። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይኸው ነው። በእነዚህ ፕሮግራሞች ውስጥ የችግረኛ ቤተሰብ ልጆች ጥቂት መሆናቸው ያሳዝናል፤ ግን ጥፋቱ የመረጣው አይደለም። ፈተናው ለሁሉም አንድ ነው። መምህራን ጎበዝ ተማሪዎቻቸውን ስለሚያውቁ ሁሉንም ልጅ መፈተን ገንዘብ ማባከን ነው። ቋንቋ ለሚከብዳቸው ደግሞ ቃል የሌለበት የሥዕል ፈተና አለ። ከዚህ አልፎ የልጁን ኑሮ እያዩ መመዘን ደረጃውን ያወርዳል፤ ልጁንም ይጎዳል። እውነተኛ ተሰጥዖ የትም ቢሆን ራሱን ያወጣል። ለድህነት መፍትሔው መፈለግ ያለበት ደግሞ ከትምህርት ቤት በፊት ነው።

ጽሑፉ በቅን ልቦና የተጻፈ ይመስለኛል። ጸሐፊው ካነሷቸው ስጋቶች አንዳንዶቹን እኔም እጋራለሁ። ዋናው ነገር ግን አምልጧቸዋል። ክርክራቸው በሙሉ ፈተናው ላይ ነው። ብዙዎቹ ልጆች የሚቀሩት ግን ፈተና ወድቀው አይደለም። ፈተናው ጋ ሳይደርሱ ነው። ስለዚህ ነጥቦቻቸውን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

ፈተናው ለሁሉም አንድ ነው ስለሚለው

ጸሐፊው ፈተናን ከቴርሞሜትር ጋር ያመሳስሉታል። ቴርሞሜትር ሀብታምና ደሃ አይለይም፤ ፈተናም እንደዚያው ነው ይላሉ። ይሁን። ቴርሞሜትር የሚናገረው ግን ስለተለካው ሰው ብቻ ነው። ቤቱ ተኝቶ ስለቀረው በሽተኛ ምንም አይነግረንም። ስለዚህ መሣሪያው ትክክል ነው ወይ ከማለታችን በፊት ማን ተለካ ብለን መጠየቅ አለብን።

እርሳቸው የሚመኙት ዓይነት አሠራር ደግሞ አዲስ አይደለም። ኒውዮርክ ከተማ ሞክራዋለች። ቀድሞ እያንዳንዱ የከተማዋ የትምህርት ዲስትሪክት (የአንድ አካባቢ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር) ተማሪዎቹን በራሱ መንገድ ይመርጥ ነበር። ይህ የተዘበራረቀና ለአድልዎ የተጋለጠ ነው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2008 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው) ለመላው ከተማ አንድ ዓይነት ፈተናና አንድ የመቁረጫ ነጥብ ወጣ። የታሰበው ፍትሕ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በድሆች ሰፈሮች ወደ ፕሮግራሙ የሚገቡ ልጆች ቁጥር አሽቆለቆለ። በአንዳንድ ዲስትሪክቶችማ አንድ ክፍል ለመክፈት የሚበቃ ልጅ ጠፋ።

ለምን እንደዚህ ሆነ? ልጁ የሚፈተነው ወላጅ ሲያስመዘግበው ብቻ ነበር። አብዛኞቹ ተፈታኞች ደግሞ ገና መዋዕለ ሕፃናት ያልገቡ የ4 ዓመት ልጆች ናቸው። የ4 ዓመት ልጅ ራሱን አያስመዘግብም። ስለዚህ የተፈተነው ስለ ምዝገባው የሰማ፣ ቀነ ገደቡን ያወቀ፣ ፎርሙን መሙላት የቻለ ወላጅ ልጅ ነው። በዚያ ላይ ገንዘብ ያለው አስጠኚ ቀጠረ። ለሕፃናት የፈተና ማዘጋጃ ኮርስ የሚሸጥ ገበያ ደራ። ከተማዋ በመጨረሻ በ2021 ፈተናውን ተወችው። እንግዲህ ወረቀቱ ለሁሉም አንድ ነበር። ወደ ወረቀቱ የሚወስደው መንገድ ግን አንድ አልነበረም።

የዝግጅቱን ነገር ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውታል፤ ከዚያ በላይ ይገባው ነበር። ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ጥያቄ ተሰጣቸው እንበል። አንደኛው እንደዚህ ያለ የቅርጽ እንቆቅልሽ ቤቱ ውስጥ ሲጫወትበት ያደገ ነው። ሌላኛው ሲያየው የመጀመሪያው ነው። የመጀመሪያው ልጅ ወዲያው መልሱን መፈለግ ይጀምራል። ሁለተኛው ደግሞ ምን እንደተጠየቀ ለመረዳት ብቻ ደቂቃዎች ይሄዱበታል። ውጤታቸው ቢለያይ ልዩነቱ ሁሉ የችሎታ ነው ማለት አንችልም። ቢያንስ ለሁሉም ተፈታኞች ከፈተናው በፊት በቂ ልምምድ በነፃ መስጠት ይቻላል። ወጪውም ትንሽ ነው።

የዛሬዎቹ የአይኪው ፈተናዎች (የአእምሮ ችሎታን በነጥብ የሚለኩት) ጀማሪ የሚባለው ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አልፍሬድ ቢኔም ፈተናውን እ.ኤ.አ. በ1905 ፓሪስ ውስጥ ያዘጋጀው ልጆችን ለማበላለጥ አልነበረም። በትምህርታቸው ተጨማሪ እርዳታ የሚያሻቸውን ለመለየት ነበር። የልጅ አእምሮ በአንድ ቁጥር ተወስኖ የሚቀር ነው የሚለውን አመለካከት ራሱ አጥብቆ ይቃወም ነበር።

ይህን ስል ፈተና ይቅር ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ብዙ ልጅ ይፈተን ነው የምለው።

መምህራን ያውቃሉ ስለሚለው

እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። የጉዳዩ እምብርት ይህ ነውና።

በብዙ ቦታ አሠራሩ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ መምህሩ ወይም ወላጅ ልጁን ይጠቁማል። ከዚያ የተጠቆመው ብቻ ይፈተናል። ጸሐፊው ይህ ይበቃል ይላሉ፤ ልጆቹን ከመምህራቸው በላይ የሚያውቅ የለም ብለው። እኔም መምህራንን አከብራለሁ፤ ለመውቀስ አልጽፍም። ግን መምህሩ ክፍል ውስጥ የሚያየው ምንድን ነው? እጁን የሚያወጣውን ልጅ ነው። ደብተሩ ንጹሕ የሆነውን፣ የቤት ሥራውን ሠርቶ የሚመጣውን፣ አንደበቱ የተፈታውን ነው። ካርዱ ላይ አንደኛ የሚወጣውን፣ ክፍሉ «ሰቃይ» የሚለውን ተማሪ ነው። እነዚህ መልካም ምልክቶች ናቸው። ሆኖም አብዛኞቹ ቤቱ የተመቻቸለት ልጅ ምልክቶች ናቸው።

ሌሎቹን ልጆች እንያቸው። ማታ ታናናሾቿን ስትንከባከብ አምሽታ ክፍል ውስጥ የምታንቀላፋ ልጅ አለች። የተማረው ነገር ቀሎበት ሰልችቶት የሚረብሽ ልጅ አለ። መምህሩ ያልጠበቀውን ጥያቄ እየጠየቀ «ነገረኛ» የሚባል አለ። ትምህርቱ የሚሰጥበትን ቋንቋ ገና እየለመደች ያለች፣ በራሷ ቋንቋ ግን ጓደኞቿን በተረት የምታስደምም አለች። ማንበብ የሚከብደው፣ ነገር ግን አንድን መሣሪያ ፈታቶ መልሶ የሚገጥም አለ። እንደነዚህ ያሉ ልጆች በጥቆማ ዝርዝር ላይ ስማቸው እምብዛም አይገኝም። መምህሩ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ምን መፈለግ እንዳለበት ማንም አላሠለጠነውም፤ ክፍሉም ጢም ብሎ ሞልቶበታል።

ይህ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት አንድ ትልቅ የትምህርት ዲስትሪክት እ.ኤ.አ. እስከ 2005 ድረስ ልጆቹን የሚመርጠው በመምህራንና በወላጆች ጥቆማ ነበር። በዚያ ዓመት አሠራሩን ቀየረ። የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ አጭር የማጣሪያ ፈተና እንዲወስዱ አደረገ። ማጣሪያውን ያለፉት ደግሞ ወደ ሙሉው የአይኪው ፈተና ተላኩ። የሆነውን ነገር ኢኮኖሚስቶቹ ዴቪድ ካርድና ላውራ ጁሊያኖ አጥንተው በ2016 አሳተሙት። (ካርድ በ2021 በሌላ ሥራው የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰው ነው።) ልዩ ተሰጥዖ አላቸው ተብለው የተለዩት የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች ቁጥር በ180 ከመቶ ጨመረ። ወደ ሦስት እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው። የጥቁር ተማሪዎች ቁጥር በ80 ከመቶ፣ የሂስፓኒክ (የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው) ተማሪዎች ደግሞ በ130 ከመቶ አደገ።

የማለፊያ ነጥቡ አልተነካም። ጸሐፊው ደጋግመው የሚፈሩት ነገር፣ ደረጃ ማውረድ፣ አልተደረገም። ልጆቹ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ችሎታውም ነበራቸው። የጠራቸው ሰው ነው ያልነበረው።

ከዚህ ጥናት አንድ ተጨማሪ ነገር እወስዳለሁ። ዲስትሪክቱ ለችግረኛ ቤተሰብ ልጆችና ቋንቋውን ለሚለምዱ ልጆች ዝቅ ያለ የማለፊያ ነጥብ ከመጀመሪያውም ነበረው። ለሌሎች 130፣ ለእነርሱ 116። ታዲያ ሕጉ በወረቀት ላይ እያለ ልጆቹ ለምን አልገቡም? ምክንያቱም 116 ማምጣታቸውን የሚያሳይ ፈተና ላይ አልተቀመጡም። የነጥብ ክርክር ላይ ብቻ ስንጠመድ ይህ አይታየንም።

ታሪኩ ግን በደስታ አላለቀም። የኢኮኖሚ ቀውስ መጣና በጀት ተቆረጠ። ሁሉንም የመፈተኑ ሥራ ቆመ። ወዲያው ልዩነቱ ወደ ቀድሞው ቦታ ተመለሰ። የልጆች ችሎታ በጥቂት ዓመት ውስጥ ወጥቶ አይወርድም። የወጣውና የወረደው የአዋቂዎች ፍለጋ ነው።

በዚያው በ2016 ጄሰን ግሪሶምና ክሪስቶፈር ሬዲንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ሌላ ጥናት አወጡ። የመላ አሜሪካን ተማሪዎች የሚወክል መረጃ ነው የተጠቀሙት። በሒሳብና በንባብ ውጤታቸው የሚመሳሰሉ ተማሪዎችን አነጻጸሩ። ውጤቱ እኩል ሆኖ ሳለ ጥቁር ተማሪዎች ወደ ልዩ ፕሮግራም የመግባት ዕድላቸው ከነጮቹ ያነሰ ነበር። በተለይ መምህራቸው ጥቁር ካልሆነ ይህ ጎልቶ ይታያል። ውጤት እኩል፣ ዕድል ግን እኩል አይደለም። ጥቆማ ብቻውን ይበቃል የሚል ሰው ለዚህ መልስ ሊኖረው ይገባል።

ሒሳቡንም በቀላሉ ማስላት ይቻላል። ለፕሮግራሙ የሚበቁ 100 ልጆች አሉ እንበል። መምህራን ከእነርሱ 40ዎቹን ጠቆሙ። ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና እንከን የሌለበት ቢሆን እንኳ ከ40 በላይ አያገኝም። 60ዎቹ አንድም ጥያቄ ሳይጠየቁ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ፈተናውን ማሻሻል ለነዚህ 60 ልጆች ምንም አይጠቅምም።

እኔ የምለው የመምህሩ ጥቆማ በር መክፈቻ ይሁን እንጂ በር መዝጊያ አይሁን ነው። ሁሉም ይፈተኑ። መምህሩ ደግሞ ፈተናው የሳታቸውን ልጆች ይጨምር። ይህን ቢያደርግ እውቀቱ በእውነት ጠቀመ። ማንንም የመቀነስ ሥልጣን ግን አይኑረው።

ስለ ገንዘቡ ላንሳ። ሁሉንም መፈተን ሲባል እያንዳንዱን ልጅ ሳይኮሎጂስት ፊት ማስቀመጥ አይደለም። የመጀመሪያው ማጣሪያ አጭር ነው፤ በቡድን፣ ክፍል ውስጥ ይሰጣል። ውዱ ፈተና ማጣሪያውን ላለፉት ብቻ ነው። ሁሉንም አለመፈተንም ቢሆን ወጪ አለው። የሚከፍሉት ልጆቹ ስለሆኑ በጀት ሰነድ ላይ አይታይም እንጂ።

ቃል የሌለበት ፈተና አለ ስለሚለው

ጸሐፊው ይህን እንደ ትልቅ መፍትሔ አቅርበውታል። ልጁ ማንበብ አይጠበቅበትም፤ የጎደለውን ቅርጽ ይመርጣል፤ ቋንቋና ባህል አይነካውም ይላሉ። የዚህ ዓይነት ፈተና በሰፊው የታወቀው እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ሬቨን በ1938 ካሳተመው ወዲህ ነው። ጥቅም አለው። የፍሎሪዳው ማጣሪያም ከዚሁ ዘር ነው። ግን ባህል አይነካውም የሚለው ትክክል አይደለም።

ተመራማሪው ጄምስ ፍሊን በ1987 ከ14 አገሮች የተሰበሰበ የፈተና ውጤት ይዞ ቀርቦ ነበር። ውጤቱ ከትውልድ ትውልድ እያደገ መጥቷል። ከሁሉ ይበልጥ ያደገው ደግሞ በነዚሁ ቃል በሌለባቸው የቅርጽ ፈተናዎች ላይ ነው። በአንድና በሁለት ትውልድ ውስጥ የሰው ተፈጥሮ አልተለወጠም። የተለወጠው ትምህርቱ፣ ኑሮው፣ የሚያየውና የሚጫወትበት ነገር ነው። እንግዲያው እነዚህ ፈተናዎች ንጹሕ ተፈጥሮን ብቻ ይለካሉ ማለት አይቻልም። ዴቪድ ሎማን የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪም ፈተናዎቹ በልጆች መካከል ያለውን ክፍተት እንደማያጠፉት አሳይቷል።

ከዚህ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት ምንድን ነው? ከፍ ያለ ሒሳብ ከሆነ መፈለግ ያለብን በሒሳብ ከእኩዮቹ የቀደመውን ነው። ሥነ ጽሑፍ ከሆነ በቃል የሚጫወተውን ነው። ቅርጽ በማዛመድ መርጠን ድርሰት ብናስተምር ሁለቱ አይገናኙም። ያቺ ተረት የምታወራው ልጅ ደግሞ ቃል በሌለበት ፈተና መቼም አትገኝም። ተሰጥዖዋ ቃል ነውና። ለእርሷ የሚያስፈልጋት በራሷ ቋንቋ የሚሰማት ሰው ነው።

ደረጃው ይወርዳል፣ ልጁም ይጎዳል ስለሚለው

ይህን ስጋት በቁም ነገር እወስደዋለሁ። ልጅን ያልተዘጋጀበት ቦታ አስገብቶ ትቶ መሄድ ጭካኔ ነው። ግን ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አደባልቀዋል። አንዱ ለልጁ የሚሰጠው ስም ነው። ሌላው ለልጁ የሚሰጠው ትምህርት ነው።

ልዩ ፕሮግራምን እንደ ማዕረግ ካየነው፣ በአገር ደረጃ ከፍተኛውን ነጥብ ያመጣው ይውሰደው ማለት ያስኬዳል። ግን ፕሮግራሙ ማዕረግ አይደለም። አንድ ልጅ ክፍሉ ከሚሄድበት ፍጥነት ቀድሞ ሲገኝ የሚያስፈልገው ትምህርት ነው። መጻሕፍት በሌሉበት፣ መምህር በየወሩ በሚቀያየርበት ትምህርት ቤት ውስጥ ከክፍሏ ሁለት ዓመት ቀድማ የምታነብ ልጅ አለች እንበል። ነጥቧ በአገር ደረጃ ሲታይ መካከለኛ ሊሆን ይችላል። ግን እዚያ ክፍል ውስጥ የሚነገራት ነገር ሁሉ ያለፈችው ነው። በየቀኑ ጊዜዋ ይባክናል። ለዚህ ነው ልጅን ከትምህርት ቤቱ ልጆች ጋር ማነጻጸር ትርጉም የሚኖረው። ከእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የቀደሙትን ወስዶ የሚመጥናቸውን መስጠት የማንንም ደረጃ አያወርድም። ቴክሳስም በ1997 ባወጣችው ሕግ ከየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በውጤት ከላይኞቹ 10 ከመቶ ውስጥ ለሆኑት ተማሪዎች የግዛቲቱን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በር የከፈተችው ይህንኑ አስባ ነው።

ልጁ ይጎዳል ለሚለውም መረጃ አለ። እዚያው የፍሎሪዳ ዲስትሪክት ውስጥ ሌላ ደንብ ነበር። አንድ ትምህርት ቤት በአራተኛ ወይም በአምስተኛ ክፍል አንድ እንኳ ልዩ ተሰጥዖ አለው የተባለ ተማሪ ካለው የተለየ ክፍል መክፈት አለበት። የሚተርፈው ወንበር የሚሞላው በአይኪው አይደለም። ባለፈው ዓመት የግዛቲቱ የትምህርት ፈተና ከፍተኛ ውጤት ባመጡት ልጆች ነው። ካርድና ጁሊያኖ ይህንንም አጠኑት። በውጤታቸው ከገቡት ልጆች መካከል ጥቁርና ሂስፓኒክ ተማሪዎች በሒሳብና በንባብ ትልቅ መሻሻል አሳዩ። ከክፍሉ ውጪ የቀሩት ልጆች ላይ ደግሞ ጉዳት አልታየም። የአይኪውን መስመር አላለፉም የተባሉት ናቸው እንግዲህ ከሁሉ ይበልጥ የተጠቀሙት። ጸሐፊው ይጎዳሉ ያሏቸው ልጆች ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሰው ልብ የማይለው አንድ ጉዳይ አለ። የመስፈርቶች አደራደር። ብዙ ቦታ ልጁ ጥቆማውንም፣ ፈተናውንም፣ የክፍል ውጤቱንም ሁሉንም ማለፍ ይጠበቅበታል። ይህ ጥንቃቄ ይመስላል። ግን ማንኛውም መለኪያ ስህተት አለው። ጎበዝ ልጅም አሞት ይፈተናል፣ ይደነግጣል፣ ይርበዋል። በእርግጥ የሚበቃ አንድ ልጅ እያንዳንዱን መስፈርት የማለፍ ዕድሉ 80 ከመቶ ነው እንበል። ሦስቱንም ማለፍ አለበት ከተባለ ዕድሉ ወደ 51 ከመቶ ይወርዳል። ግማሹ ቀረ ማለት ነው። ውጤቶቹን ደምሮ አማካዩን ማየት ግን አንዱ መስፈርት የሳተውን ሌላው እንዲያካክስ ያደርጋል። ልጆቹን በአንድ ቀን፣ በአንድ ዕድሜ ብቻ መዝኖ ማኅተም መምታትም እንደዚሁ ነው። ዘንድሮ ያላለፈ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት፣ ከዚያም በኋላ እንደገና ይታይ። ልጅ ያድጋል። ቋንቋ ይለምዳል። መነጽር ይገዛለታል።

እውነተኛ ተሰጥዖ ራሱን ያወጣል ስለሚለው

ጸሐፊው ለዚህ ያመጡት ምሳሌ ሕንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ሽሪኒቫሳ ራማኑጃን ነው። ከድሃ ቤት ወጥቶ ዓለምን አስደነቀ ይላሉ። እውነት ነው። ታሪኩን ግን እስከ መጨረሻው ብናነበው የሚመሰክረው ለኔ ወገን ነው።

ራማኑጃን ኮሌጅ የገባው የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ነበር። ከሒሳብ ሌላ ያለውን ትምህርት ችላ ስላለ ዕድሉን ተነጠቀ። ሁሉንም ካላለፍክ የሚለው አሠራር ማለት ይኸው ነው። ከዚያ በቢሮ ጸሐፊነት ተቀጠረ። ሥራውን ለካምብሪጅ ምሁራን ላከ፤ ሁለቱ አልተቀበሉትም። በ1913 ለሌላው የካምብሪጅ የሒሳብ ሊቅ ለጂ. ኤች. ሃርዲ ጻፈ። ሃርዲ ደብዳቤውን ወርውሮት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ስም ማንም አይጠራውም ነበር። ራማኑጃን ራሱን አላወጣም። አንድ ሰው ተቀምጦ አነበበለት። በ1920 ሲሞት ዕድሜው 32 ብቻ ነበር። ደብዳቤያቸው ያልተነበበላቸው ስንት እንደሆኑ ማን ቆጠረ?

ሌላም አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሉዊስ ተርማን በ1921 ካሊፎርኒያ ውስጥ ልዩ ተሰጥዖ ያላቸውን ልጆች ፈልጎ ዕድሜ ልካቸውን መከታተል ጀመረ። ከ1,500 በላይ ልጆች ተመረጡ። ለመረጣው መነሻ የሆነው በአብዛኛው የመምህራን ጥቆማ ነው፤ ከዚያ የአይኪው ፈተና ይከተላል። ተፈትነው ነጥቡ ካልሞላላቸው ልጆች መካከል ዊልያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ ይገኙበታል። ሾክሌይ በ1956፣ አልቫሬዝ በ1968 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አገኙ። ከተመረጡት ውስጥ ያንን ሽልማት ያገኘ የለም። ሁለቱ ሌላ መንገድ ነበራቸውና ሄዱበት። ሌላ መንገድ የሌለው ልጅ ግን አንዴ ከቀረ ቀረ።

በቅርቡም ኢኮኖሚስቱ ራጅ ቼቲና የሥራ ባልደረቦቹ በአሜሪካ የፈጠራ ባለሙያዎች እነማን እንደሚሆኑ አጥንተዋል። ከሀብታሞቹ 1 ከመቶ ቤተሰቦች የተወለዱ ልጆች ገቢያቸው ከመካከለኛው በታች ከሆነ ቤተሰቦች ልጆች ይልቅ የፈጠራ ባለሙያ የመሆን ዕድላቸው 10 እጥፍ ነው። በሦስተኛ ክፍል ሒሳብ እኩል ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ልጆችን ስናነጻጽርም ልዩነቱ አይጠፋም። የድሃዋ ልጅ ሒሳቡን ችላዋለች። ተሰጥዖዋ ታይቷል፤ ወረቀት ላይ ተመዝግቧል። ከዚያ የት ደረሰች? ራሱን ያወጣል የሚለው አባባል ለዚህች ልጅ ምንም መልስ የለውም።

ከትምህርት ቤት በፊት ይጀመር ስለሚለው

እስማማለሁ። የሕፃናት ምግብ፣ ጤና፣ መጻሕፍት፣ መዋዕለ ሕፃናት ሁሉ ይቅደም። ግን ዛሬ ሁለተኛ ክፍል የተቀመጠችው ልጅ ያንን አትጠብቅም። አንዱን ለመሥራት ሌላውን መተው አያስፈልግም።

ለጸሐፊው ያለኝ ጥያቄ

ጸሐፊው ከዚህ ሥራ ጋር ቅርበት እንዳላቸው ከጽሑፋቸው ይገባኛል። ስለዚህ አንድ ነገር እንዲያደርጉ በአክብሮት እጠይቃቸዋለሁ። የሚያውቁትን ፕሮግራም ይውሰዱና በየትምህርት ቤቱ አራት ቁጥሮችን ለይተው ያውጡ። ስንት ልጅ አለ? ስንቱ ተጠቆመ? ስንቱ ተፈተነ? ስንቱ ገባ? አብዛኛው ሰው የሚያየው የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ነው፤ ክርክሩም እርሱ ላይ ያልቃል። አራቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው ልጆቹ የት ላይ እንደቀሩ ይታያል።

አንድ አምስተኛ ቁጥርም ይጨምሩ፤ ስንቱ ከገባ በኋላ ወጣ የሚለውን። ልጁ ከገባ በኋላ የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ ሒሳቡ አይደለም። ትምህርቱ ከሰዓት በኋላ ሆኖ የሚመልሰው መኪና ስለሌለ ነው። ደብዳቤው እናቱ በማታነበው ቋንቋ ስለተላከ ነው። ክፍሉ ውስጥ እርሱን የሚመስል አንድም ልጅ ስላጣ ነው። ይህን ሁሉ ማስተካከል ይቻላል፤ መጀመሪያ ግን መታየት አለበት። ቁጥሮቹን ካወጧቸው በኋላ ጸሐፊው አሁንም መረጣው እንከን የለበትም የሚሉ ከሆነ፣ ጽሑፋቸውን ደግሜ ለማንበብ ዝግጁ ነኝ።